ሳይጠሩት ቤት ስለሚገባው የስልክ ነጋዴ

በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ መገኘት ያልቻሉ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ስልክ ይጮኻል፣ እናነሳለን፣ የማናውቀው ሰው ስማችንን ጠርቶ ደኅንነታችንን ይጠይቅና አንድ ነገር ሊሸጥልን ይጀምራል። «ታዲያ ይኼ ምን ችግር አለው፣ ዘግቶ መተው ነው» የሚል ይኖራል። ለወጣቱ ልክ ነው። ነገር ግን ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉትን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን እናስብ። ልጆች ሥራ ናቸው፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ስልኩ የሚጮኸው ታዲያ ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ሰው ሁለት መልካም ልማዶች አሉት። አንደኛ፣ የሚያነጋግረንን ሰው ፊት አንነሳም፤ እየተናገረ ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ነው ተብለን አድገናል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው በደንብ ያልገባን እንደሆነ ሰውየውን ላለማስቀየም «የስ፣ የስ፣ ኦኬ» እንላለን። ሐሳባችን «እየሰማሁ ነው» ለማለት ነው እንጂ «ተስማምቻለሁ» ለማለት አይደለም። እነዚህ ልማዶች በጎረቤት መካከል ያስከብራሉ፤ በስልክ ነጋዴው ዘንድ ግን ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ በትሕትና የጀመረው ንግግር የት እንደሚያደርስ ላስረዳ።

በእኛ በሜሪላንድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመብራት ነገር ነው። በዚህ ስቴት ሽቦውን ዘርግቶ ኤሌክትሪኩን ቤታችን የሚያደርሰው ኩባንያ አንድ ሆኖ፣ ኤሌክትሪኩን የሚሸጥልን ግን ሌላ እንዲሆን ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሻጮቹ ደንበኛ ለመሻማት ይደውላሉ፤ «ሂሳብዎ ይቀንሳል» ይላሉ። ቀጥለውም «እስቲ የመብራት ቢሉን አምጥተው ቁጥሩን ያንብቡልኝ» ይላሉ። በመጨረሻ ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ መቅጃ ያስተላልፉና «በዚህ ቤት ስም መወሰን የሚችሉት እርስዎ ነዎት? ኩባንያ ለመቀየር ተስማምተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። እናታችን በትሕትና የምትመልሰው «የስ» በቴፕ ይቀዳል፤ ኋላ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ያ ድምፅ ነው። በዚህ ንግድ ብዙ ሰው በመጎዳቱ የስቴቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ ጠበቅ አድርጎታል። ቢሆንም የመጀመሪያው ዘበኛ ራሳችን ነን። የመብራት ቢላችሁን ዛሬ ማታ አውጡና ኤሌክትሪኩን የሚሸጥላችሁ ኩባንያ ማን እንደሆነ ተመልከቱ። የማታውቁት ስም ከሆነ ለስቴቱ የፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ያህል እንደሚረዳን እንይ።

አንደኛ፣ ኤፍ ቲ ሲ የሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው «ዱ ኖት ኮል» የሚባል መዝገብ አለ። የቤትም ሆነ የእጅ ስልክ ይመዘገባል። ለመመዝገብ ከዚያው ከሚመዘገበው ስልክ ወደ 1-888-382-1222 መደወል ነው። ክፍያ የለውም፤ አንዴ ከተመዘገበም በየጊዜው ማደስ አያስፈልግም። ነጋዴዎች እስከ 31 ቀን ድረስ ስማችሁን ከዝርዝራቸው ማውጣት አለባቸው። «እኔ አስመዝግብልዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢደውል አትስሙት፤ እሱ ራሱ አጭበርባሪ ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ የማይከለክላቸው አሉ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የምርጫ ዘመቻዎች፣ አስተያየት የሚሰበስቡ ሰዎች፣ እንዲሁም ዕቃ ከገዛንበት 18 ወር ያልሞላው ኩባንያ ሊደውሉ ይችላሉ። ኩባንያውን «ከእንግዲህ አትደውሉብኝ» ካሉት ግን ማክበር ግዴታው ነው። ለዚህም የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉ፦ «ኖ ቴንኪው፤ ፕሊዝ ፑት ሚ ኦን ዩር ዱ ኖት ኮል ሊስት።» ይህን አንብቦ መዝጋት ነው። ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል አይጨመርም።

ሦስተኛ፣ ሰዓት አለው። በሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ በፈረንጁ 8 ሰዓት ማለት ነው፣ ለሽያጭ መደወል አይፈቀድም። በአንድ ቀንም ስለ አንድ ጉዳይ ከሦስት ጊዜ በላይ መደወል ክልክል ነው።

አራተኛ፣ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ዕቃ ሊሸጥላችሁ ቢደውል፣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካልፈቀዳችሁ በቀር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። «ላለመደወል 1 ቁጥርን ይጫኑ» ቢል አትጫኑ። መጫን ማለት «ሰው አለ፣ ስልኩም ይነሳል» ብሎ መናገር ነው፤ ጥሪው ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

«ታዲያ ተመዝግቤ ለምን ይደወልብኛል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። መልሱ ይኸውና፦ መዝገቡን የሚያከብረው ሕግ የሚፈራ ነጋዴ ነው። ሌባ መዝገብ አያይም። ነገር ግን መዝገቡ በዚህም በኩል ይጠቅማል። ስልካችሁ ከተመዘገበና 31 ቀን ካለፈ በኋላ የማታውቁት ሰው ሊሸጥላችሁ ቢደውል፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሕግ የማያከብር ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ። እንዲህ ላለው ሰው ይሉኝታ አያስፈልግም።

በስልኩ መስኮት ላይ 301 ወይም 240 ስላያችሁ ጎረቤት ነው አትበሉ፤ ከየትም አገር ደውሎ የሰፈር ቁጥር ማሳየት ይቻላል። «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው፣ ቁጥርዎ ሊታገድ ነው» ወይም «ከታክስ መሥሪያ ቤት ነው፣ ፖሊስ እየመጣ ነው» የሚል ስልክ ውሸት ነው። ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን በስልክ እንድታነቡ የሚጠይቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዓለም የለም። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የሜዲኬር ፕላን መቀየሪያ ጊዜ ስለሆነ ስልኩ ይበዛል። ደንበኛው ላልሆናችሁትና ሳትጠይቁት ደውሎ ፕላን መሸጥ ለማንም አይፈቀድም፤ የሜዲኬር ቁጥራችሁን ለደወለ ሰው አትስጡ። ጥያቄ ካላችሁ እናንተው ወደ 1-800-633-4227 ደውሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤት ድረስ መጥቶ ከሚሸጥ ሰው ከ25 ዶላር በላይ የሆነ ዕቃ የገዛ ሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ የሚችልበት የፌዴራል ደንብ አለ። ሙሉ በሙሉ በስልክ የተደረገ ግዢ ግን በዚያ ደንብ አይሸፈንም። ስለዚህ በስልክ «የስ» ከማለት በፊት «በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ልጄ ያነበዋል» ማለት ይበልጣል። እውነተኛ ነጋዴ ይልካል፤ ሌባው ይቆጣል ወይም «ዛሬ ካልሆነ ያመልጥዎታል» ይላል። ማንነቱን የምታውቁት በዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ለልጆች ነው። እናት ወይም አባት በስልክ ተታለው ገንዘብ የከፈሉ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን ይደብቃሉ፤ «ይቆጡኛል፣ ሞኝ ሆነሻል ይሉኛል» ብለው ይፈራሉ። በተደበቀበት ጊዜ ሁሉ ገንዘቡ ይርቃል። ያው ሌባ ወይም ባልንጀራው ተመልሶ መደወሉም አይቀርም፤ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ስም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጣል። ወዲያው ለባንኩ ወይም ለካርዱ ኩባንያ ቢነገር ክፍያውን ማስቆም የሚቻልበት ጊዜ አለ። ለኤፍ ቲ ሲም በ1-877-382-4357 ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁን አትቆጡ። የመጀመሪያው ቃላችሁ «ደግ አደረግሽ ስለነገርሽኝ» ይሁን። በትሕትናቸው የተበደሉትን ሰዎች እኛ ደግመን አንበድላቸው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ያልጠራችሁት ሰው አጥር ዘልሎ ጓዳችሁ ቢገባ «ውጣ» ማለት ነውር ነው? አይደለም። በስልክ የገባውም ያው ነው። ስልኩን መዝጋት በራችሁን መዝጋት ነው፤ ነውርም ኃጢአትም የለበትም።

ማኅበራችን ወጣቶችን አዘጋጅቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅ አጠገባቸው ወደሌላቸው ነዋሪዎች ቤት እየሄዱ ስልክ ያስመዘግባሉ፣ ከላይ የጻፍነውን ወረቀትም ይለጥፋሉ። የሚፈልግ ሰው በዚህ ሰሌዳ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአፓርታማውን ቁጥር ይጻፍ፤ የስልክ ቁጥሩን ግን አይጻፍበት።