ምስል ሲጠፋ፦ ከፍርድ በፊት ምርመራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቆሙት ታላላቆቼ ስለ ሰፋፊ ሥራዎች ተናግረዋል። የእኔ ርእስ ግን ከአንድ ጠረጴዛ ስፋት አያልፍም። ይኸውም የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከታደሰ በኋላ የሞኒተር ምስል ሲጠፋ ጥፋቱን በምን ቅደም ተከተል መፈለግ እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ርእሱ ትንሽ ቢመስልም የሰው እንጀራ እስከ መንካት የሚደርስ መሆኑን በራሴ ስሕተት ተምሬአለሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ይታወቃል። ከዚህም የተነሣ የሲስተም እድሳት በየመሥሪያ ቤቱ የሚያጋጥም ሥራ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን ማንሣቱ ወቅታዊ ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ከተቀጠረ ዓመት ያልሞላው ወጣት ቴክኒሻን በአንድ ክፍል ውስጥ የነበሩትን የ6 ኮምፒዩተሮች ሲስተም በአንድ ቀን አደሰ። በማግሥቱ ሠራተኞች ሲገቡ 4ቱ ሞኒተሮች ምስል አልነበራቸውም፤ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ይልና ስክሪኑ ይጨልማል። ተጠርቼ ሄድሁ። የኃይሉን መስመር አየሁ፤ ኬብሎቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ለውጥ ባጣሁ ጊዜም «ሞኒተሮቹ ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል» የሚል ሪፖርት ጽፌ ፈረምሁ። ከሳምንት በኋላ ያ ወጣት በንብረት ላይ ስላደረሰው ጉዳት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ። የቀረበበት ማስረጃ የእኔ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ነበር።

ወጣቱ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የፋብሪካው ምልክት ይታያል እኮ፤ የሞተ ሞኒተር እንዴት አድርጎ ምልክት ያሳያል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባልደረቦቼ፣ የምርመራው በር ይህ ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ የመጀመሪያውን ምስል የሚያወጣው በማዘርቦርዱና በግራፊክስ ካርዱ ላይ የተቀመጠው መነሻ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሲስተሙን እርዳታ አይሻም። ቀጥሎ ሲስተሙ ሲነሣ ሥራውን ድራይቨሩ ይረከባል። ስለዚህ የፋብሪካው ምልክት ታይቶ ምስሉ ከርክክቡ በኋላ ከጠፋ፣ ስክሪኑና የኬብሉ የቀለም መስመሮች እንደሚሠሩ ሞኒተሩ ራሱ መስክሯል። ምልክቱም ጨርሶ ካልታየ ግን ፍለጋው ወደ ኃይል፣ ወደ ኬብልና ወደ መሰኪያ ይመለሳል።

በርክክቡ ጊዜ ድራይቨሩ ሞኒተሩን ማንነቱንና የሚችለውን የምስል መጠን ይጠይቀዋል። ሞኒተሩም የ128 ባይት መታወቂያ ይልካል። ኤዲድ የሚባለውን ይህን መታወቂያ ቬሳ የተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ባለ 15 ፒን በሆነው የቪጂኤ ኬብል ውስጥ ቀለሞቹ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ፒን ሲሄዱ፣ መታወቂያው የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። በመሆኑም ምስል የሚያሳልፍ ኬብል መታወቂያን ላያሳልፍ ይችላል።

ከወጣቱ ጋር ሆነን ከሚሠራው ሞኒተር ላይ ኬብሉን ነቅለን ከጨለመው ላይ ሰካነው፤ ምስሉም መጣ። የቀሩትን 4 ኬብሎች በመልቲሜትር ስንለካቸው የ12ኛው ፒን መስመር በአንዳቸውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይገናኝም። ኬብሎቹ በርካሽ በአንድነት የተገዙ ነበሩ። የቀድሞው ድራይቨር መልስ ባያገኝም ተመዝግቦ በቆየው ልክ ምስል ይልክ ነበር፤ አዲሱ ግን መልስ ያጣበትን መስመር ሰው እንደሌለበት ቤት ቆጥሮ ዘጋው። ጉድለቱ ድሮም የነበረ ነው፤ እድሳቱ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ የኬብል አይደለም። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ፣ ሊኑክስም «ኖሞድሴት» በሚለው ትእዛዝ ሲነሣ ምስሉ ከተመለሰ፣ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ስለ ሆነ የቀድሞውን መመለስ ወይም ተስማሚውን መጫን ይገባል። ሞኒተሩ ምልክቱ ከልኩ ውጪ መሆኑን ከጻፈ ደግሞ ሲግናሉ ደርሶታል፤ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል ማለት ነው። ለምሳሌ 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰኮንድ 60 ጊዜ ሲላክ፣ በዳርና በዳሩ ያለው ባዶ ጊዜ ተጨምሮ 2200 በ1125 ይሆናል፤ ይህም በሰኮንድ 148.5 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ይህን የማይሸከም ሞኒተር ሲስተሙ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ተነሥቶ ልኩ እንዲቀነስለት ያስፈልጋል እንጂ ወደ መጋዘን የሚጣል አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እድሳቱ በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተደርጎ ጥቂት ቀን ይታይ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። ሁለተኛ፣ ከእድሳቱ በፊት የድራይቨሩ ዕትም፣ ሪዞሉሽኑና የኬብሉ ዓይነት ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ሞኒተር በሌላ ኬብልና በሌላ ኮምፒዩተር ሳይሞከር «ከአገልግሎት ውጪ» አይባል፤ የሙከራውም ውጤት በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

የመጀመሪያውን ሪፖርቴን በሁለተኛ ሪፖርት ሻርሁ፤ በወጣቱ ላይ የቀረበው ጥያቄም ተነሣ። ይሁን እንጂ እርሱ በዚያ ሳምንት ያሳለፈው ጭንቀት በሁለተኛው ወረቀት የሚፋቅ አልነበረም። ሪፖርታችንን የሚያነቡት አለቆች ፒን ቆጥረው አያረጋግጡም፤ የሚያምኑት ፊርማችንን ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት አንድ ኬብል ለውጠን እንይ።