የሹማምንት ሀብት ለሕዝብ ይታይ



ሀብትን ለማሳወቅና ለማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹማምንት ቤታቸውን፣ የባንክ ገንዘባቸውንና አክሲዮናቸውን በየሁለት ዓመቱ እንዲያስመዘግቡ ያዛል። መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። እስቲ ከመካከላችሁ የአንድ ባለሥልጣን መዝገብ ያየ ሰው እጁን ያውጣ! ፎቅ ሲወጣ ግን ሁላችንም እናያለን።

የዩክሬን ባለሥልጣናት በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሀብታቸውን በኮምፒዩተር ሞልተው በኢንተርኔት ሲወጣ፣ ሕዝቡ በቤት የተከማቸ ጥሬ ዶላርና ውድ የእጅ ሰዓት አየ፤ ተቆጣም።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ማንኛውም ዜጋ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ደጅ ሳይጠና የዘንድሮውን ቅጽ ከካቻምናው ጋር አስተያይቶ ያነባል። ቅጹም ከመሬትና ከባንክ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የቤት ቁጥርና የልጆች ስም ይሸፈናል፤ ይህ ተገቢ ነው። ዕጩዎቻችን የራሳቸውን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያወጣሉ።