ከ90 ቀን በኋላ ልጁን ማን ይያዘው?

(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር)



 ስለ ፍርድ ቤቶች ነፃነት፣ ስለ መሬትና ስለ ኑሮ ውድነት ያለንን አቋም የትግል ጓዶቼ አብራርተውላችኋል። እኔ የማነሣው በምርጫ መድረክ ብዙ የማይሰማ ጉዳይ ነው፤ እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ሕፃኑ የት ይውላል?

በጥብቅና ሙያ ካየኋቸው ጉዳዮች አንዱን አልረሳውም። በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት የሁለት ዓመት ልጇን ቤት ቆልፋበት ሲሚንቶ ልትሸከም ወጣች። የከሰል ምድጃው ጠፍቷል ብላ ነበር፤ አልጠፋም። ልጁ እጁ ተቃጥሎ ተረፈ፤ እናቲቱ ተከሰሰች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የበደለ ወይም ችላ ያለ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ አይከፋም፤ ልጅ የሚያሠቃይ መቀጣት አለበት። ነገር ግን ዳኛው «ለምን ቆለፍሽበት?» ሲሏት «ታዲያ የት ላድርገው ጌታዬ?» አለች። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ እኔም የምንመልስላት አልነበረንም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጆች ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ጤና ጣቢያ ስትሄድ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» ትባላለች። በሦስተኛው ወር አሠሪዋ «ሥራ ግቢ» ይላታል። የትኛውን ትስማ? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል፤ ገዢው ፓርቲ ስላወጣው አንነቅፈውም፣ በጎ ነው። ግን ጉሊት የምትቸረችረው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የሰው ልጅ የምታሳድገው እናት ማቆያው ቀርቶ 90 ቀኑም የላትም።

በሌላው ጫፍ ዜሮ ክፍል አለ፤ እሱም አንደኛ ክፍል ለመግባት ለተቃረበ ልጅ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ባለቤት የላቸውም። አእምሮ የሚገነባው፣ መቀንጨር የሚይዘው በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 38 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ገንዘብ ያለው ለግል መዋዕለ ሕፃናት ይከፍላል። አያት ያለችው እሰየው ነው። የሌለው ታላቅ እኅቱን ከትምህርት ቤት ያስቀራታል፤ ሕፃኑን ለማቆየት ሲባል የሁለት ልጆች ዕድል ይበላሻል።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እንደነበሩ ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሳላችሁ። ስለዚያ ሥርዓት ያለንን አቋም ታውቃላችሁ፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ጥፋት አልነበሩም።

ፓርቲያችን ቢመረጥ በመጀመሪያ አዲስ ሕንፃ አይሠራም። የቀበሌ አዳራሾች አሉ፤ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች የጋራ መገልገያ ቤቶች አሉ። ውኃና መጸዳጃ ያላቸውን መርጠን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚሠሩ የሕፃናት ማቆያዎች እናደርጋቸዋለን። ሰዓቱን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚከፈት ማቆያ ለቀን ሠራተኛዋ አይጠቅማትም፤ ያን ጊዜ ሥራው ተይዟል። በየሰፈሩ የጎረቤት ልጅ በክፍያ የሚይዙ እናቶችም አሉ። ፈቃድ የላችሁም ብሎ ማሳደድ ሳይሆን አሠልጥኖ፣ መዝግቦ፣ እየተቆጣጠሩ በደመወዝ ማሠራት ነው የእኛ ሐሳብ። ክፍያው በወላጅ ገቢ ልክ ይሆናል፤ በሴፍቲኔት የታቀፈች እናት አትከፍልም።

የድኅረ ወሊድ ፈቃዱን ወደ ስድስት ወር ለማሳደግም ረቂቅ ሕግ እናቀርባለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጭማሪው በአሠሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ አሠሪው ሴት መቅጠር ይሸሻል፤ ስለሆነም የተጨመሩት ወራት ደመወዝ መንግሥትና አሠሪዎች ከሚያዋጡት የጋራ ፈንድ እንዲከፈል እናደርጋለን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤቱ ስላለ ዋናው ወጪ የሞግዚቶች ደመወዝና የልጆቹ ምሳ ነው። ይህን በከተማው በጀት ራሱን የቻለ ርዕስ አድርገን፣ አፈጻጸሙን በየዓመቱ በአደባባይ እናሳያችኋለን። በአንድ ዓመት በሁሉም ቀበሌ እናዳርሳለን ብለን አንዋሽም፤ ከገበያ አካባቢዎችና የቀን ሠራተኛ ከሚበዛባቸው ሰፈሮች እንጀምራለን።

ከእኛ ቀጥሎ ወደዚህ አዳራሽ ዕጩዎቻቸውን የሚያመጡ ፓርቲዎች አሉ። የገዢው ፓርቲ ዕጩም ይመጣል። ያቺ እናት ለዳኛው የመለሰችውን ጥያቄ እነሱንም ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ከእኛ ጋር አስተያይታችሁ ድምፅ ስጡ።