ባዶ ገጽ ደብተር አያዘጋም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዕለታዊ የሂሳብ አያያዝ ነው። አጻጻፉን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገቢ በዚህ፣ ወጪ በዚያ። የሚያስቸግረን ሳያቋርጡ መቀጠሉ ነው። ደብተራችሁን ስታሳዩኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሚያምር ጽሑፍ ተሞልተው አገኛለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ልጅ ታሞ ወይም ለቅሶ ተደርሶ ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምንም የለም። «ምነው?» ስል መልሱ «አንዴ ከተበላሸ ምን ያደርጋል፤ ከወሩ መጀመሪያ በአዲስ ደብተር እጀምራለሁ» የሚል ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው። በየቀኑ 50 ብር የምታስቀምጥ ሴት 30 ቀን ሳታጓድል ብታስቀምጥ 1,500 ብር ይኖራታል። ስድስት ቀን ቢያመልጣት 1,200 ብር ይኖራታል። ከ10 ቀን በኋላ አንድ ቀን አምልጧት «ተበላሸ» ብላ የተወችው ግን 500 ብር ይዛ ትቀራለች። ያመለጣት አንድ ቀን የወሰደባት 50 ብር ብቻ ነው፤ የቀረውን 950 ብር የወሰደባት መተዋ ነው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ልማድ እንዴት እንደሚያዝ አጥንተዋል። ጥናቱ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ነው። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ልማድ መርጠው ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ። ልማዱ እንዲዋሃድ በአማካይ 66 ቀን አካባቢ እንደሚፈጅ ተገመተ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን ማለፉ ልማዱ እንዳይያዝ ያን ያህል አላደናቀፈም።

እንግዲህ አራት ቀን ሳትጽፉ ብታልፉ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ፣ ገጹን አትቅደዱ። ሁለተኛ፣ ባዶውን ቀን ከልባችሁ ፈጥራችሁ አትሙሉ። ሦስተኛ፣ የገንዘብ ሳጥኑን ክፈቱና ቁጠሩ።

ለምሳሌ እንጀራ የምትሸጥ እህታችን መጨረሻ በጻፈችበት ቀን ሳጥኗ ውስጥ 1,200 ብር ነበር። ዛሬ ስትቆጥር 1,850 ብር አገኘች። በመሃሉ ከሳጥኑ ለጤፍ 2,400፣ ለማገዶ 300፣ ለቤት 500 ብር አውጥታለች። ሳጥኑ ላይ የጨመረው 650 ብር ነው፤ የወጣው ደግሞ 3,200 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ የአራቱ ቀን ሽያጭ 3,850 ብር ነው ማለት ነው። በአንድ መስመር «ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሽያጭ 3,850» ብላ ትጽፋለች፤ ወጪዎቹንም ከሥሩ። ያላስታወሰችው ወጪ ካለ ሽያጩ በዚያው ልክ አንሶ ስለሚታይ «በግምት» የሚል ቃል ትጨምርበታለች። 1,850 ብሩ የነገ መነሻዋ ነው። ደብተሩ ዳነ።

ቀኑ ሲከብድም ሙሉውን ሥራ ከራሳችሁ አትጠብቁ። ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ ዛሬ ከሳጥኑ የወጣው ስንት ነው፣ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስንት ነው። ሌላው በደህና ቀን ይሠራል። ሰዓት ከመመደብ ይልቅ ሁልጊዜ ከምትሠሩት ነገር ጋር አያይዙት፤ ምጣዱ ተከድኖ ሲያበቃ፣ ወይም የሱቁ በር ሲቆለፍ። ደብተሩና እስክሪብቶው እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡ።

ሠልስት ላይ ያለችን ሴት ደብተር ክፈቺ የሚል የለም። ሐዘኗን ትወጣ። ስትመለስ ግን የወሩን መጀመሪያ ወይም መስከረም 1ን አትጠብቅ። የተመለሰችበት ቀን መጀመሪያዋ ነው፤ ከመቅረት መዘግየት ይሻላልና።

ይህን ሁሉ የምለው ደብተር ለጌጥ እንዲያዝ አይደለም። ጤፍ ሲወደድ የእንጀራ ዋጋ ልጨምር ወይስ አልጨምር የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በእሱ ነው። ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ ሲባል «እግዜር ነው የሚያውቀው» ከማለት የሚያድናችሁም እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ አሥር ቀን የጎደለው ደብተር፣ በጥር ከተዘጋ ንጹሕ ደብተር እጅግ ይሻላል።

አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን ላቅርብ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ስንት ቀን አመለጠሽ?» ተብሎ አይጠየቅ። ይህ ጥያቄ ያመለጣትን ያሸማቅቃል፤ ያፈረችም ደብተሯን ቤት ትታ ትመጣለች። «ስንት ጊዜ ተመለስሽ?» እንባባል። አምስት ጊዜ አቋርጣ አምስት ጊዜ የተመለሰች እህት የዓመቱን ሂሳብ ይዛ ትገኛለች።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ የቆየ ባዶ ገጽ ያላችሁ፣ ሳጥናችሁን ቁጠሩና አንድ መስመር ጻፉ። አዲስ ደብተር መግዛት አያስፈልግም።