ቤት ለቤት የሄደው ጥናት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ። በደንቢያና በፎገራ ጓያ እግሩን ያሽመደመደውን ገበሬ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። በክፉ ቀን ጓያ ለበላ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኛን የያዘን ግን የቡታጅራው ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ገጠር ቤት ለቤት ተጠይቆ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከሺህ ሰው 5 ያህል ማለት ነው። መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። ሆስፒታል ተቀምጦ ቢጠበቅ ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር?

በእኛም በመንዝ የሚጥለው ልጅ ጓዳ ይደበቃል። አረፋው ይጋባል እየተባለ ደግፎ የሚያነሣው ይጠፋል፤ ምድጃ ላይ የወደቁትን እናውቃለን። በሽታው አይጋባም። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ፣ በድንገት ከተተወ ይብሳል።

የሚቋረጠውም ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ክረምት መንገዱ ሲበላሽ፣ የመኪና ብር ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከቁጠባችን ለመድኃኒት ማምጫ የሚሆን ገንዘብ ይመደብ እንላለን። «ቁጠባው ለብድር ነው» የምትሉ አላችሁ። ልጇን ስትጠብቅ የምትውል እናት ገበያ አትወጣም፤ ብድሩን በምን ትመልሳለች?

ከየቡድኑ ቤት ለቤት የሚሄዱ ሁለት ሁለት ሴቶች ይመዝገቡ፤ መዝገቡ ጸሐፊያችን ዘንድ ነው።