ከቡርዲዞው በኋላ፤ የተኮላሸ በግ አያያዝና የመሣሪያው አጠባበቅ በመንዝ ደጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከዚህ መድረክ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ከእነዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን በደጋው ገበሬ ቤት ከእነርሱ ያላነሰ ክብደት ያለው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የተኮላሸ በግ እስኪያገግም ድረስ የሚያስፈልገው እንክብካቤና ለዚሁ ሥራ የምንገለገልበት መሣሪያ አጠባበቅ ነው። መሐንዲስን ከበግ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ ሥራው የሚሠራው በብረት ነው፤ ብረቱም እንደ ማናቸውም መሣሪያ ልክ፣ ፍተሻና ጥገና ይፈልጋል። የሕክምናው ዕውቀት የእንስሳት ሐኪሞች ነው። እኔ የምናገረው ከእነርሱ የተማርሁትን፣ ተወልጄ ባደግሁበት በቀየት ያየሁትንና በሙያዬ የመረመርሁትን ብቻ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች በግ ምን እንደ ሆነ ለአብዛኞቻችሁ መንገር አያስፈልግም። ውርጭ የገብሱን ማሳ በሚያቃጥልበት፣ በልጉ በሚቀርበት ዓመት ቤተሰቡን የሚያቆመው በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ትንሽ፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ሆኖም ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ችሎ ይኖራል። ከጠጉሩ ባናና ዝተት ይሠራል፤ በጠጡ ይነዳል፤ ማሳም ያዳብራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በግ ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ከተቀማጩም ውስጥ ዋናው ሙክቱ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ የሚወጣ አንድ የሰባ ሙክት የማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላል፤ የተማሪ ልብስና ደብተር ይገዛል። ስለዚህ በግ በተኮላሸ ማግሥት ቢሞት የጠፋው አንድ እንስሳ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት የዓመት ዕቅድ ነው።

በአገራችን ልማድ ማኮላሸት የሚፈጸመው በመቀጥቀጥ ነው። ቆለጡን ከሰውነት ጋር የሚያያይዘው፣ የዘር ቱቦውና የደም ሥሮቹ በአንድነት የሚያልፉበት ገመድ በእንጨት ላይ ተደግፎ በዱላ ወይም በድንጋይ ይመታል። ይህ ዘዴ ለዘመናት አገልግሏል፤ ይሁን እንጂ የምቱ ኃይልና የሚያርፍበት ቦታ በመቺው እጅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ሥቃዩ ብዙ፣ ውጤቱም የተለያየ ነው። ቡርዲዞ የሚባለው ጉጠት የተሠራው ይህን ጉድለት ለማስወገድ ነው። ስሙ የመጣው በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከፈለሰፈው ከጣሊያናዊው የእንስሳት ሐኪም ከናፖሊዮኔ ቡርዲዞ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን ያማረ ነው። ረጃጅም እጀታዎቹና ተጣማሪ ማጠፊያዎቹ የሰውን የክንድ ኃይል አብዝተው ወደ ሁለት ደነዝ ከንፈሮች ያደርሱታል። ከንፈሮቹ ሲገጥሙ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ቆዳው የሚለመጥና ጠንካራ በመሆኑ ሳይቆረጥ ይተርፋል፤ ከውስጥ ያለው ገመድ ግን ይደቃል። ደም ያልደረሰው ቆለጥም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ሠሪው ገመዶቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ይይዛል፤ ጉጠቱን ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ ያህል ገጥሞ ያቆያል። የግራውና የቀኙ ጭምቅ መስመር ግን በፍጹም መገናኘት የለበትም። በመካከል ያልተነካ ቆዳ ካልቀረ ወደ ከረጢቱ የሚወርደው ደም በሙሉ ይቋረጥና ቆዳው ጠቁሮ ይረግፋል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የዚህ መሣሪያ ደኅንነት የተመሠረተው በከንፈሮቹ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቷ ከሰፋች ገመዱ በሚገባ አይደቅም፤ በጉም ሳይኮላሽ ይቀራል። ከንፈሮቹ ከተጣመሙ ወይም ጠርዛቸው ከተሸረፈ ደግሞ ቆዳው ይቀደዳል። ቡርዲዞ ከእጅ ወደ እጅ በውሰት ሲዞር፣ ወድቆ ከድንጋይ ጋር ሲላተም፣ ተገጥሞ ለወራት ሲሰቀል ልኩን ይስታል። ፍተሻው ግን ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንድ ሲባጎ በታጠፈ ወረቀት መካከል አስገብቶ ጉጠቱን መግጠም ነው። ሲባጎው ተቆርጦ ወረቀቱ ሳይቀደድ ከቀረ መሣሪያው ደኅና ነው፤ ሲባጎው ካልተቆረጠ ወይም ወረቀቱ ከተቀደደ ከሥራ ይውጣ። ይህንንም በከንፈሩ በሙሉ ርዝመት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሞከር ይገባል። የተጣመመውን ከንፈር በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቃናት ግን አይረባም፤ ብረቱ ሲግል በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጣል።

እንግዲህ ብረቱ ሥራውን ፈጸመ እንበል። ብዙውን ጊዜ ባለሙያው በዚህ ሰዓት መሣሪያውን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ በመዝገቡም «ተኮላሸ» ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ለግልጽነት በአራት ክፍል ላቅርበው።

1ኛ፤ የመጀመሪያው ቀን። በጉ ሕመም አለው። ይተኛል፣ ይነሣል፣ መሬቱን ይረግጣል፣ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል። ሐኪም ማደንዘዣ ወይም የሕመም ማስታገሻ መርፌ መስጠት ከቻለ ይስጥ፤ የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ግን ክልክል ነው። በጉ ከመንጋው ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ አይነዳ። በጋጣው ደረቅ ገለባ ይነጠፍለት፤ ንጹሕ ውሃና ድርቆሽ አጠገቡ ይቅረብለት። የደጋው ብርድ በሌሊት ስለሚበረታ ነፋስ ከማያገኘው ማዕዘን፣ ከሚያውቀው አንድ ሌላ በግ ጋር ቢያድር መልካም ነው። በግ ብቻውን ሲቀር ይጨነቃል።

2ኛ፤ ከሁለተኛው ቀን እስከ ዐሥረኛው ቀን። ከረጢቱ ያብጣል፤ አካሄዱም ይጠነክርበታል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በቅርብ ሜዳ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀሱም እብጠቱን ያቀልለታል። ጠባቂው ጧትና ማታ ሦስት ነገር ይመልከት፤ መብላቱን፣ ማመስኳቱንና በጠጥ መጣሉን። እጁን በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ባለው ስርጉድ ቦታ ላይ ቢያሳርፍ የጤነኛ በግ ጨጓራ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው እንደሆነ የጤነኛ በግ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆኑን ይወቅ። እብጠቱ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ቢጨምር፣ ቢሸት፣ መግል ቢይዝ፣ ቆዳው ቢጠቁር ወይም በጉ መብላቱን ቢያቆም ሐኪም ይጠራ።

3ኛ፤ ቁስል የተፈጠረ እንደሆነ። ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ፣ በጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ ይገባል። ክፍት ቁስል ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ዝንብ ነው፤ እንቁላሏን ጥላ ቁስሉን ታተላለች። ሁለተኛው በአፈርና በፍግ የሚኖረው የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ጋጣው በየቀኑ ይጠረግ። ዝንብና ጭቃ ከሚበዛበት ከክረምት ይልቅ በጋው ለዚህ ሥራ የተመረጠ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት። ቆለጦቹ በእጅ ይዳሰሱ። ሁለቱም ከተሟሸሹ ሥራው ተፈጽሟል፤ አንዱ እንደ ነበረ ከሆነ ግን ለሐኪም መታየትና እንደገና መሠራት አለበት። እስከዚያ ድረስ በጉ ከሴቶቹ ይለይ፤ ተኮላሸ የተባለ በግ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ይችላልና። ማድለቡም አይቸኮልበት። ሆዱ ያልለመደውን እህል በአንድ ጊዜ ማብዛት ጨጓራውን በአሲድ መርዞ ይገድለዋል። ገብሱም ሆነ ፋጉሎው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይጨመር።

ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በቀየት የምትኖር አክስቴ ለልጇ ትምህርት ያሰበችውን አንድ በግ በሐምሌ ወር አስኮላሸች። ጉጠቱ በብዙ እጅ የዞረ ነበረና ቆዳውን ሸረከተው፤ በአራተኛው ቀንም ቁስሉ ተላ። ጎረቤቶች «ሳይሞት እረጂው፣ ሥጋው ይትረፍ» ብለው መከሯት። እርሷ ግን ትሉን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ጧትና ማታ በጨው ውሃ አጠበች፤ ሣር እያጨደች በእጇ አጎረሰች፤ ጤና ጣቢያ የደረሰውን ሐኪም በእግሯ ሄዳ አመጣች። በጉ ዳነ። በመስከረም ሳገኛት ስለ መሣሪያው ጥቅም ማስረዳት ስጀምር በትዕግሥት ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ ብረታችሁ የሠራው የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ወሩን ሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ይህ አነጋገር ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርት ነው። የእንክብካቤው ሕግ በእንስሳው መጠን አይለወጥም። በሌላው ዓለም ሰዎች ለወዳጅነት ብቻ በቤታቸው የሚያኖሯት፣ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ከጥንቸል የምታንስ ጊኒ ፒግ የምትባል እንስሳ አለች። ሐኪም ሆዷን ከፍቶ ማኅፀኗንና የዕንቁላል እጢዎቿን ሲያወጣ ባለቤቷ አስቀድሞ የሚጠብቀው መብላቷንና ኩስ መጣሏን ነው። በየቀኑ በግራም ይመዝናታል፤ ካልበላችም በመርፌ ቀፎ ለስላሳ ምግብ ያጎርሳታል፤ ሰውነቷ ቫይታሚን ሲ መሥራት ስለማይችል ያንንም በምግቧ ይሰጣታል፤ ንጹሕና ለስላሳ ምንጣፍ ያነጥፍላታል። ሣር በል እንስሳ ሆዱ ከቆመ ቁስሉ ቢድንም አይተርፍም። በዚያ ያለው ሰው ለወዳጁ የሚያደርገው፣ አክስቴም ለልጇ ተስፋ ያደረገችው አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ማየት፣ ማጽዳት፣ ማብላት፣ መታገሥ።

ከእንክብካቤው በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄም አለ፤ የትኛው በግ ይኮላሽ? እንደ ልማዱ ፈጥኖ ያደገውና ቁመናው ያማረው ጠቦት ቶሎ ይሸጣል ወይም ሙክት ይሆናል፤ ለመንጋው አውራ ሆኖ የሚቀረው ቀርፋፋው ነው። በዚህ ዓይነት በየትውልዱ የተሻለው ዘር ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በመንዝ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳ፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ከቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ገበሬዎቹ ራሳቸው በልኬት የመረጧቸው አውራዎች በጋራ እንዲያገለግሉ፣ ያልተመረጡት እንዲሸጡ ወይም እንዲኮላሹ አድርጓል። ስለዚህ ማኮላሸት የዘር ጥበቃም አንድ ክፍል ነው። የማኮላሸቱ ሥራ ከተበላሸ ግን ምርጫውም ይበላሻል፤ በግማሽ የተኮላሸ በግ በመንጋው ውስጥ ሳይታወቅ ዘሩን ይዘራልና።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከላይ ከተነገረው ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፤ አባሎቻችን በሚሠሩባቸው ወረዳዎች ከማኮላሻው ወቅት በፊት እያንዳንዱ ቡርዲዞ በሲባጎና በወረቀት እንዲፈተሽ፣ የተፈተሸበትም ቀን በእጀታው ላይ በሚታሰር ምልክት እንዲጻፍ፣ ከሥራ በኋላም ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶና ከንፈሩ ሳይገጥም እንዲቀመጥ እንርዳ። ሁለተኛ፤ በጉ ሳይንፈራገጥና ሠሪው ሳይቸገር የሚያዝበት ቀላል መያዣ ከባሕር ዛፍ እንጨት በየቀበሌው ሊሠራ ይችላልና ንድፉን እኛ እናዘጋጅ። ሦስተኛ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ሆነን ከላይ የዘረዘርኋቸውን አራት ክፍሎች በአንድ ገጽ በሥዕል አስደግፈን ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር እንስጥ፤ በሪፖርታችንም የተኮላሹትን ብቻ ሳይሆን በስድስተኛው ሳምንት ቆመው የተገኙትን እንቁጠር።

ድልድይ የሚመሰገነው በተመረቀበት ቀን ሳይሆን ክረምቱን አሳልፎ ሰው ሲያሻግር ነው። ቡርዲዞም የሚመዘነው ጉጠቱ በገጠመበት ደቂቃ ሳይሆን ሙክቱ በእግሩ ገበያ ሲደርስ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ገለባ የሚያነጥፉ፣ ውሃ የሚያሞቁ፣ በሌሊት ተነሥተው ጋጣውን የሚያዩ እናቶችና እረኞች ሳይጠሩ የሥራችን ባልደረቦች ሆነዋል። የተፈተሸ መሣሪያና ግልጽ መመሪያ ልናደርስላቸው ይገባል።