የሻላ ሐይቅ ዳርቻ



ከላንቻ ተነሥተን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ በመጓዝ፣ በአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የሻላን ጠጠራማ ዳርቻ ጐበኘን። ሰው የማይበዛበት ጸጥተኛ ሥፍራ ነው። የሻላ ጥልቀት 266 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዳሩ ፍል ውኃ ይፈልቃል። በደሴቱ ላይ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዘመናት ሲፈለፍሉ ኖረዋል። ሻላ ግን ዓሣ እንደ ልብ ስለማይገኝበት፣ ምግብ ፍለጋ የሚበሩት ወደ አብያታ ነበር። ወደ አብያታ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ፣ የሐይቁም ውኃ ለሶዳ ማምረቻ በመጠለፉ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም ተመናመነ። እንግዲህ አንዱን ሐይቅ ጠብቆ ሌላውን መተው ጥበቃ አይባልም። ከዚያ ዳርቻ አንዲት ጠጠር እንኳ አላነሣንም፤ ነገር ግን ተምረን ለሐይቆቹ ውኃ ተከራካሪ ለመሆን ቃል ገብተን ተመልሰናል።